ነበር ባይሰበር

የአዲስ አበባ ሰው “ትንሽ ልረፍ” ካለ መንገዱ የታወቀ ነው። ቢሾፍቱ ይወርዳል፤ ኪሱ ከፈቀደ ላንጋኖና ሐዋሳ ይዘልቃል። እኔ በቀደም ለሥራ ባልደረቦቼ “ቅዳሜና እሁድን ፒያሳ ላሳልፍ ነው” ብላቸው አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ወርቅ ልትገዛ? ሚስትህ ታውቃለች?” ሌላዋ ደግሞ “ፒያሳ እኮ ታክሲ የሚቀየርበት እንጂ የሚታደርበት አይደለም” አለችኝ።

አልፈረድኩባቸውም። እኔም በዚህች ከተማ ተወልጄ ሳድግ በፒያሳ ያለፍኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ “እስቲ ልያት” ብዬ የሄድኩበት ቀን ግን የለም። ዘንድሮ ያስወሰነኝ ዋሽንግተን የሚኖር አብሮ አደጌ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ለሁለት ሳምንት መጣና፣ “ሪዞርት ምናምን አልፈልግም፤ ሰፈሬን ልይ” አለኝ። ሰፈሩ ዶሮ ማነቂያ ነው። ይቅርታ፣ ነበር።

እናላችሁ፣ ጣይቱ ሆቴል ክፍል ያዝን። በ1890ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። የእንጨት ወለሉ ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ ይላል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ ሆቴሉን ሲጎዳው በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የሚባለው የጃዝ ቤትም ተቃጥሏል። ያን ጊዜ “ቅርሳችን!” ብለው ካዘኑት አንዱ እኔ ነኝ። ጃዛምባ ገብቼ አንድ ምሽት እንኳ ሙዚቃ አለመስማቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜን በእግራችን ዞርን። የምኒልክን ሐውልት አየን፤ በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጋር የተመረቀውን፣ ጣሊያን ነቅሎ የቀበረውን፣ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው የተመለሰውን። ፊት ለፊቱ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ጊዮርጊስ ገባን። ንግሥት ዘውዲቱም አፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑበት ነው። ስንቴ ተሳልሜ ስመለስ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ቀና ብዬ በቅጡ ያየሁት ገና አሁን ነው። ከዚያ ሀገር ፍቅር። በ1927 ዓ.ም.፣ ወረራው ሲያንዣብብ፣ ሕዝቡን ለማንቃት የተቋቋመው ማኅበር ነው ኋላ ጥላሁን ገሠሠ የቆመበት ቴአትር ቤት የሆነው። የአካባቢው የሙዚቃ ታሪክ ሲነሳ አርመኖቹም አይረሱም። በ1917 ዓ.ም. መባቻ ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 ወላጅ አልባ ልጆች የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ደርሰው ብሔራዊ መዝሙር አበጁልን። መጤውና ነባሩ ተጎራብቶ የሠራው ሰፈር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድን። መንገዱ ሰፊ ነው፣ የእግረኛው መሄጃ ንጹህ ነው፣ መብራቱም ያምራል። ወዳጄ መሀል ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማተረ። “እዚህ ጋ ጠጅ ቤቱ ነበር። እዚህ ጋ ማሲንቆ የሚመቱት ሽማግሌ ነበሩ። ይቺ ጋ ጫማ ሰፊው… አይ፣ ወደዚያ ነበር መሰለኝ።” አስጎብኚ ሆኖ የሚያስጎበኘው ያጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያ ሰፈር ገነት አልነበረም። ወዳጄ ራሱ፣ “ክረምት ሲገባ ከአልጋችን ሥር ሳይሆን ከአልጋችን ላይ ነበር ሳፋ የምንደቅነው። ስድስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት። ያን ቤት ለጠላቴም አልመኝ” ብሎኛል። ስለዚህ “ምነው እንዳለ በተወት” እያልኩ አይደለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቤቱን ስናፈርስ ሰፈሩን ለምን አብረን አፈረስነው? በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት፣ በሳምንታት ውስጥ፣ ዕድሜ ልኩን ሲጎራበት የኖረ ሰው በየአቅጣጫው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ።

ችግራችን ቅርስ ሲባል የሚታየን ድንጋይ ብቻ መሆኑ ነው። ሆቴሉ ከቆመ፣ ቴአትር ቤቱ ከቆመ፣ “ፒያሳ አለች” እንላለን። የሀገር ፍቅርን ወንበር ይሞላ የነበረው ማነው? በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚመለሰው የሰፈር ሰው አይደለም እንዴ? ዘፋኙን ሳይታወቅ የሰማው፣ ያጨበጨበለት፣ ሲያበላሽም የሳቀበት እሱ ነው። ጥበብ ከሕንፃ አይወለድም፤ ቡና ከሚጠራራ ጎረቤት መሀል ነው የሚወለደው።

ደግሞ አራዳ ስትነቀል ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያዋን ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ ብለን የምንጠራው ያን ነው። ለቦታው “ፒያሳ” የሚል ስም ትቶልን ሄደ። “አራዳ” የሚለው ቃል ግን አልነቀል ብሎ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የውቤ በረሃ ምሽትም ዛሬ የሚገኘው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር “ሌቱም አይነጋልኝ” ውስጥ ስላስቀመጠልን ነው። ዶሮ ማነቂያንስ ማን ጻፋት? ያኔ ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ግሬደሩን ቪዲዮ እንቀርጽ ነበር።

እሁዱ 23 ዋለ። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከጊዮርጊስ አጥር ሥር ወደ ሃያ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሰባስበው አየን። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ወዳጄን አተኩረው አዩትና፣ “አንተ የማን ልጅ ነህ?” አሉት። ነገራቸው። ጉንጩን ስመው ስመው ሲያበቁ አጠገባቸው አስቀመጡት።

“አሁን የት ነዎት እማማ?” አልኳቸው።

“ዳር ነው ልጄ፣ ኮንዶሚኒየም። ሁለት አውቶቡስ ይዤ ነው የምመጣው። ቤቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ውሃው እውስጥ ነው።”

“እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ?”

“ቤተ ክርስቲያንማ የትም አለ። እኔ የመጣሁት ሰው ላይ ነው። ዕድራችንም እዚሁ ነው። እዚያ ብሞት የላይኛው ፎቅ ‘ማን ሞተ?’ ይላል፤ የታችኛው ‘እኔ እንጃ’ ይላል።”

ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ሕንፃ ለሕንፃ ስንዞር የፈለግነው ሰፈር አጥር ሥር ተቀምጦ ኖሯል። በወር አንዴ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይሰበሰባል። ከእነዚህ ሰዎች ግማሾቹ ሲያልፉ እሱም ያበቃል። ቤት የሚያድል አካል ጎረቤታሞቹን በአንድ ብሎክ ላድርግ ብሎ ቢያስብ ምን ያህል ይከብደው ነበር? ሲሚንቶ አይጨምር፣ ብረት አይጨምር።

ወዳጄ የዓመት መዋጮ ልክፈል ብሎ ተነሳ። ጸሐፊው ጠርዙ የተበላ ደብተር ገልጠው ስሙን ጻፉና ደረሰኝ ቆረጡለት። ማኅተሙ ላይ የሰፈሩ ስም ነበረበት። “አልቀየራችሁትም?” አላቸው።

“ለምን እንቀይረዋለን?” አሉት ጸሐፊው፤ “እኛ መች ፈረስን?”