ጌታ የማይቆጣበት ቀን፤ ስለ ዲከንስ የገና መጽሐፍና ስለ በዓል ግጥሞቻችን

የበዓል ሰሞን ሲደርስ ብዕር የማያነሣ ተማሪ ጥቂት ነው። ለእንቁጣጣሽ ስለ አደይ አበባ፣ ለገና ስለ ሰላምና ስለ ፍቅር የሚጻፈው ግጥም ተቆጥሮ አያልቅም። እኛም ከዚሁ ማኅበር ውጭ አይደለንም። ነገር ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ከነዚህ ግጥሞች መካከል ሰው የሚያስታውሰው ስንቱን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው በዓል ለጸሐፊ የሚሰጠው እውነተኛ ስጦታ ምን እንደ ሆነ ነው። ለምርመራችንም የመረጥነው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ያሳተመውን «ኤ ክሪስማስ ካሮል»፣ ማለት «የገና መዝሙር» የተባለውን መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉን ያነበብነው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ለተማሪ ተብሎ ባጠረና በቀለለ ቅጂ አነበብነው። በዚያን ጊዜ የተረዳነው ታሪክ ይህ ነው። ስክሩጅ የሚባል ቆንቋና ነጋዴ በገና ዋዜማ የሞተው ሸሪኩ መንፈስ ይገለጥለታል፤ ቀጥሎም ያለፈውን፣ ያሁኑንና የሚመጣውን ገና የሚያሳዩ ሦስት መናፍስት በየተራ ይመጡበታል፤ በመጨረሻም ለጋስ ሰው ሆኖ ይነሣል። እኛም በታሪኩ ተደሰትን፤ ከፈተናው በኋላም መጽሐፉን መለስን።

ሁለተኛው ጊዜ በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ስናነብ ነው። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቀድሞ ያላየናቸውን ሁለት ሕፃናት አገኘን። የአሁኑ ገና መንፈስ ልብሱን ገልጦ ከእግሩ ሥር የተሸጎጡ፣ የከሱና ቡትቶ የለበሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ለስክሩጅ ያሳየዋል። ወንዱ ድንቁርና ይባላል፤ ሴቲቱ ችጋር ትባላለች። መንፈሱ ከሁለቱም እንዲጠነቀቅ፣ ይልቁንም ከወንዱ እንዲጠነቀቅ ይነግረዋል። ስክሩጅ ደንግጦ መጠጊያ እንዳላቸው ሲጠይቅ መንፈሱ የሚመልስለት በስክሩጅ በራሱ ቃል ነው። ስክሩጅ በመጀመሪያው ክፍል ለድኾች ገንዘብ ሊያሰባስቡ የመጡትን ሰዎች፣ እስር ቤትና ድኾች እየሠሩ የሚኖሩባቸው የመንግሥት ቤቶች መኖራቸውን እንደ ምክንያት ጠቅሶ አሰናብቶአቸው ነበርና። በትምህርት ቤታችን ቅጂ ግን ይህ ሁሉ ተቈርጦ ወጥቶአል። አሳጣሪው ምናልባት ለልጆች ያስፈራል ብሎ አስቦ ይሆናል። እኛ ግን የወጣው የመጽሐፉ ልብ ነው እንላለን።

ለዚህ ማስረጃው የመጽሐፉ አጻጻፍ ታሪክ ነው። በ1843 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ አገር ስለሚሠሩ ሕፃናት የሚመረምረው የመንግሥት ኮሚሲዮን ሁለተኛ ሪፖርቱን አውጥቶ ነበር። ዲከንስ በነገሩ እጅግ ስለ ተነካ ስለ ድኻው ልጅ ለሕዝብ የሚቀርብ አንድ ትንሽ የአቤቱታ ጽሑፍ ለማሳተም አሰበ፤ በኋላ ግን ሐሳቡን ወደ ዓመቱ መጨረሻ አስተላለፈው። በሴፕቴምበር ወር በለንደን ፊልድ ሌን በተባለ ሰፈር የሚገኘውን የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ጎበኘ። በኦክቶበር መጀመሪያ ማንችስተር ሄዶ ስለ ትምህርት ጥቅም ንግግር አደረገ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በስድስት ሳምንት ያህል ጊዜ ጽፎ ጨረሰው። ደራሲው ራሱም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዕዳ ምክንያት ታስሮ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶአል። እንግዲህ ድንቁርና የተባለው ሕፃን ለታሪኩ ማሳመሪያ የገባ አይደለም። አቤቱታው ራሱ ነው።

ታዲያ ዲከንስ ስለ ምን አቤቱታውን በግልጽ ጽሑፍ ማቅረቡን ትቶ በገና ተረት አቀረበው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚረዳን የራሳችን አገር ልማድ ነው። ቀድሞ በገና ዕለት ሩር ሲመታ ሎሌና ጌታ በአንድ ሜዳ ይሰለፉ ነበር። የረታውም ወገን የተረታውን በግጥም ይሰድብ ነበር። በሌላ ቀን ቢነገር የሚያስቀጣ ቃል በዚያ ቀን ይነገር ነበር፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላልና። ይህ ፈቃድ ለጌታው ውርደት አልነበረም፤ ለሎሌውም ድፍረት አይባልም ነበር። በዓሉ ራሱ ለሁለቱም ዋስ ሆኖ ይቆም ነበር።

ይኸው ሕግ በዲከንስ መጽሐፍ ውስጥ በጨዋታ መልክ ይገኛል። የስክሩጅ የእኅቱ ልጅ ፍሬድ በቤቱ ዘመድና ወዳጅ ሰብስቦ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ያጫውታል። በለንደን መንገድ የሚሄድ፣ የሚያጉረመርም፣ ደስ የማይል እንስሳ ምንድን ነው? መልሱ አጎቴ ስክሩጅ ሆኖ ሲገኝ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ስክሩጅም ከመንፈሱ ጋር ሆኖ ሳይታይ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። አንባቢያችን ልብ እንዲልልን የምንሻው ይህን ነው። ሁለቱ ሕፃናት የሚገለጡት ከዚህ ሳቅ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ደራሲው መጀመሪያ ሰሚውን አሳቀው፤ ከሳቀም በኋላ ሌላ ቀን የማይሰማውን ነገረው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለጌቶች መሆኑን ዋጋውም ያስረዳል። በ1843 ዲሴምበር 19 ቀን ሲወጣ የአንዱ ዋጋ አምስት ሺሊንግ ነበር። በታሪኩ ውስጥ የስክሩጅ ጸሐፊ ቦብ ክራቺት በሳምንት የሚያገኘው ዐሥራ አምስት ሺሊንግ ነው። ስለዚህ ቦብ ስለ ራሱ የተጻፈውን መጽሐፍ ለመግዛት የሳምንቱን ደመወዝ ሲሶ መክፈል ይኖርበታል። መጽሐፉ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ ጆን ሊች የሣላቸው ሥዕሎች ያሉበት ነበርና የታተመው ስድስት ሺህ ቅጂ እስከ ገና ዋዜማ ተሽጦ ቢያልቅም፣ የኅትመቱን ወጪ ራሱ የቻለው ዲከንስ ያሰበውን ያህል ትርፍ አላገኘም። ሆኖም በ1853 በበርሚንግሃም ከተማ መጽሐፉን በሕዝብ ፊት በቃሉ ሲያነብ፣ ከንባቡ አንዱ ሠራተኞች በትንሽ ዋጋ ገብተው የሚሰሙት እንዲሆን አደረገ። በዚያን ዕለት መጽሐፉ ወደ ቦብ ክራቺት ደረሰ ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ነቀፋችንንም ልንሰውር አይገባም። በመጨረሻው ክፍል ስክሩጅ ትልቅ የቱርክ ዶሮ ለክራቺት ቤተ ሰብ ይልካል፤ ለድኾች ብዙ ገንዘብ ለመስጠት ቃል ይገባል፤ የቦብን ደመወዝ ይጨምራል፤ የቦብ ልጅ ትንሹ ቲምም ከሞት ይድናል። ድንቁርናና ችጋር የተባሉት ሁለቱ ሕፃናት ግን የት ደረሱ? ደራሲው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እነርሱ አይመለስም። ልብሱ ተገልጦ ታዩ፤ ልብሱም ተመልሶ ሸፈናቸው። እንግዲህ የትምህርት ቤታችን አሳጣሪ ያደረገውን ዲከንስ ራሱ በመጨረሻው ክፍል ጀምሮት ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። አንድ ሀብታም ደግ ቢሆን አንድ ቤት ይጠግባል። ትምህርት ቤት የሌለው ልጅ ግን በአንድ ሰው ደግነት ብቻ አይማርም። በዓሉ የሰጠውን የመናገር ፈቃድ ደራሲው እስከ መጨረሻው አልተጠቀመበትም።

ይሁን እንጂ ዲከንስ ግማሽ መንገድ ሄዶአል። እኛ ግን መንገዱን ገና አልጀመርነውም። ይህን ስንል ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳይመስልብን የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ለእንቁጣጣሽ አንድ ግጥም ጽፈን ለጓደኞቻችን አንብበን ነበር። ግጥሙ በጠዋት አደይ ይዛ ከደጃፋችን መጥታ አበባየሆሽ ያለችውን ልጅ የሚያመሰግን ነበር። ስለ አበባው ቢጫነት፣ ስለ ድምፅዋ ጣዕም፣ ስለ ቀሚስዋ ንጣት ዐሥራ ስድስት ቤት ያህል ገጠምን። ጓደኞቻችን አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዱ ግን፣

«ለመሆኑ ልጅቱ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለች?» ብሎ ጠየቀን።

መልስ አልነበረንም። እንቁጣጣሽ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሰሞን መሆኑን እያወቅን፣ ልጅቱን ደጃፋችን ላይ ቆማ እያየን፣ ልንጠይቃት እንኳ አላሰብንም። አበባውን አይተን አበባውን የያዘውን እጅ አላየንም። ከዚያ ወዲህ በእጃችን የገቡትን የበዓል ግጥሞች ስናገላብጥ ያገኘናቸው አብዛኞቹ እንደ እኛው ግጥም ናቸው። ማንንም አያስቆጡም፤ ማንንም የማያስቆጡትም የጌታ ቸርነት ሳያስፈልጋቸው ነው። የሩር ተጫዋች በአንዲት ስንኝ የሚደፍረውን ያህል እንኳ አይደፍሩም።

በዓል የደስታ ቀን ነው፤ በደስታ ቀን ኀዘን ማውራት ነውር ነው የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገሩ ትክክል ነው፤ እኛም በበዓል ቀን ሙሾ ይውረድ አላልንም። የዲከንስ መጽሐፍ አብዛኛው ክፍሉ ምግብ፣ ጭፈራ፣ ጨዋታና ሳቅ ነው፤ ሁለቱ ሕፃናት የያዙት ቦታ ከሁለት ገጽ እምብዛም አይበልጥም። ነገር ግን እነዚያ ጥቂት መስመሮች ቢወጡ የቀረው ተራ የበዓል ተረት ይሆናል። ይህን ከሁለቱ ንባባችን ተምረናል።

ስለዚህ በዓል ለጸሐፊ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ አበባው ወይም ድግሱ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በአንድነት ተሰብስቦ፣ ልቡ ለስልሶ፣ ሳይቆጣ የሚሰማበት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይገኛል። ጓደኞቻችን ለሚመጣው ገና ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ እንደ ፈለጉ ያስቁን፣ ያስጨፍሩን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ልብሱን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ማን እንዳለ ያሳዩን። እኛም ያን ግጥም እንደገና ልንጽፈው ጀምረናል፤ የመጀመሪያው ስንኝ የጓደኛችን ጥያቄ ይሆናል።