ቋንቋ ከስድስቱ ውጭ፦ የመዛግብት ባለሙያዎች የበይነ መረብ ሥልጠና ሲመዘን

ለመዛግብትና ለቅርስ ባለሙያዎች በበይነ መረብ የሚሰጠው ሥልጠና ለአፍሪካ ቀንድ ያለው ጥቅም አይካድም። በሐረር ወይም በጎንደር የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን ሳይለቅ የሙያውን ዓለም አቀፍ ደንብ ሊማር ይችላል። ሊመረመር የሚገባው ሥልጠናው ቅድሚያ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ነው።

የሙያው የጋራ መነሻ የዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት ያወጣው የገለጻ መመዘኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ሁለተኛ እትም 26 የገለጻ ክፍሎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል ለዓለም አቀፍ የመረጃ ልውውጥ የግድ አስፈላጊ የተባሉት 6 ናቸው፦ መለያ፣ ርእስ፣ የመዝገቡ አመንጪ፣ ዘመን፣ መጠንና የገለጻ ደረጃ። ቋንቋና ፊደል ከእነዚህ ውስጥ አይገኙም፤ የተመደቡት መዝገቡን ለማየትና ለመጠቀም ከሚያስፈልጉ ሁኔታዎች ጋር ነው። አንድ ቋንቋ ብቻ በሚጻፍበት አገር ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በአፍሪካ ቀንድ ግን በስድስቱ ላይ የሚያበቃ ሥልጠና ጽሑፎችን ከአንባቢዎቻቸው ይለያል።

በአማርኛ «ግዕዝ» የሚለው ስም ቋንቋውንም ፊደሉንም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። ይህን መሰሉን ጽሑፍ «ግዕዝ» ብሎ የሚያልፍ መዝጋቢ ኦሮምኛውን ይሰውረዋል። በዐረብ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ጽሑፍም «ዐረብኛ» ከተባለ ዕጣው ያው ነው። መዝገቡ ከመደርደሪያው አይጠፋም፤ የቋንቋውን ታሪክ የሚከታተል ተመራማሪ ግን አያገኘውም።

ጥፋቱን በመመዘኛው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ለቋንቋና ለፊደል ቦታ ሰጥቷል፤ የአይ.ኤስ.ኦ. መለያዎችም ቋንቋን በ639፣ ፊደልን በ15924 ለይተው ያስቀምጣሉ። ጉድለቱ ያለው በማስተማሩ ነው። በኮምፒውተር የሚታረም ፈተና ሣጥኑ መሞላቱን ያያል፤ «ግዕዝ» የሚለው መልስ ስለ ቋንቋው ይሁን ስለ ፊደሉ አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቀው ቋንቋውን የሚያነብ መምህር ነው።

የቋንቋ ጥናት ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለሠልጣኙ በአንድ ፊደል የተጻፉ የግዕዝ፣ የአማርኛና የትግርኛ ገጾች ቀርበውለት በምን እንደለያቸው ቢጠየቅ ትምህርቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ሸ፣ ቸ እና ኘ ጽሑፉ ግዕዝ ብቻ አለመሆኑን ያመለክታሉ፤ ቐ ወደ ትግርኛ ይጠቁማል፤ ዳሩ ግን ፊደል ብቻውን አይበቃምና ግሱም መታየት አለበት። እንዲህ ያለውን መልመጃ የመዛግብት መምህር ብቻውን ሊያዘጋጀው አይችልም። የቋንቋ ሊቃውንት ሥልጠናው ሲነደፍ ካልተገኙ፣ ነገ ለምርምር የሚሹትን ጽሑፍ በተሳሳተ ስም ተመዝግቦ ያገኙታል፤ ወይም ከነጭራሹ አያገኙትም።