«አንባቢ» ማን ነው?
ስለ ኮምፒዩተር አጋዥ መሣሪያዎች ስያሜ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

አንድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ከባዕዱ ቃል ጋር ባለው መመጣጠን ነው። በቃሉ የሚገለገለው ሰው በስያሜው ውስጥ ምን ቦታ እንደ ተሰጠው ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ለመሥራት ለሚረዷቸው መሣሪያዎች የተሰጡትን ጥቂት ስያሜዎች በዚህ ረገድ መመርመር ነው።

ጉዳዩን ከወልቂጤና ከቡታጅራ አንጻር ማየት ይጠቅማል። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። በአካባቢያቸው ቸሃ፣ እዣ፣ ክስታኔ፣ መስቃንና ሌሎችም ልሳናት ይነገራሉ። እንግዲህ በነዚህ ከተሞች የሚማር አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ በቤቱ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ በአማርኛ ይገለጽለታል፤ ከፍተኛ ትምህርት ሲገባ መጻሕፍቱን በእንግሊዝኛ ያገኛል። ለዚህ ተማሪ የተጣመመ ስያሜ ተጨማሪ ሸክም ነው።

በኮምፒዩተር ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ፕሮግራም «የማያ ገጽ አንባቢ» ተብሏል። በነጻ የሚታደለውና ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውስትራሊያ የተሠራው ኤንቪዲኤ ከዚህ ወገን ነው። ስያሜው ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ «ማያ» ማለት ማየት ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነውና ለማያይ ሰው የተሠራው ነገር በማየት ይጠራል። ሁለተኛውና ዋናው ጉድለት «አንባቢ» የሚለው ነው። አማርኛ አድራጊን ከመሣሪያ አጥርቶ ይለያል፤ ጸሐፊ ሰው ነው፣ መጻፊያ ዕቃ ነው፤ አንባቢ ሰው ነው፣ ማንበቢያ ዕቃ ነው። መሣሪያው «አንባቢ» ሲባል ተማሪው የሚነበብለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ፍጥነቱን የሚወስነው፣ ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ የሚሻገረው፣ ያልገባውን ቃል ፊደል በፊደል የሚያስደግመው ተማሪው ነው። በፈተና አዳራሽ «ማን አነበበልህ?» ተብሎ መጠየቅና «በምን አነበብክ?» ተብሎ መጠየቅ አንድ አይደሉም።

«አጉሊ መነጽር» እያልን መሣሪያን በአድራጊ ቅርጽ እንጠራ የለምን የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ «አጉሊ» ቅጽል ሆኖ «መነጽር» የሚለው ስም ተከትሎታል። ብቻውን የቆመ «አንባቢ» ግን ሰው ከመሆን አያመልጥም።

ስለዚህ «የኮምፒዩተር ማንበቢያ» የሚለው በጥቅል ስምነት ቢያዝ የተሻለ ይመስላል። ከዚህም ሥር በድምፅ የሚሠራው «የድምፅ ማንበቢያ»፣ ነጥቦችን ከፍና ዝቅ እያደረገ በጣት የሚያስነብበው መሣሪያ ደግሞ «የብሬል ማንበቢያ» ሊባሉ ይችላሉ። ጽሑፍን ለሚያገዝፈው «ማጉያ» ብቻውን አይበቃም፤ «ድምፅ ማጉያ» የሚል ነባር ስም ስላለ «የጽሑፍ ማጉያ» መባል አለበት። በአንድ እጅ ወይም በአንድ ጣት ለሚጽፍ ሰው ጥምር ቁልፎችን አንድ በአንድ እንዲጫን የሚፈቅደው ሥርዓትም ቃል በቃል «ተለጣፊ ቁልፍ» ቢባል ሙጫ የተቀባ ነገር ያስመስለዋል፤ ተግባሩን የሚገልጸው «ተራ በተራ መጫኛ» ነው።

ለነዚህ ቃላት የሚያስፈልገው ሌላ መመዘኛ ጆሮ ነው። ጽሕፈታችን ጥብቀትን አያሳይም። «ዋና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ሲላላ በውኃ መዋኘትን ያመለክታል። መኪናው ሊለየው ካልቻለ «ዋና ማውጫ» የሚለውን የመዋኛ ነገር ሊያደርገው ይችላል። የሚያይ ሰው ዓይኑን መለስ አድርጎ ያርማል፤ የሚያዳምጠው ግን ያለፈውን ድምፅ እንደ ገና ማስጠራት አለበት። እንግዲህ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በመኪና ድምፅ ተነቦ ቢፈተን ይበጃል።

የጉራጌ ልሳናት ችግር ከዚህም ይብሳል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደላት በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ተጨምረዋል። ፊደሉ ቁጥር አገኘ ማለት ግን ድምፅ አገኘ ማለት አይደለም። በአማርኛ ብቻ የሠለጠነ ማንበቢያ እነዚህን ሲያገኝ በትክክል የሚጠራበት ደንብ የለውም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈውን የሚሻ ተማሪ በዚያች ፊደል ላይ ይቆማል።

በመጨረሻም ተጠቃሚው ራሱ ብዙ ጊዜ «ስክሪን ሪደር» እንደሚል መካድ አይገባም። የብሬል ተማሪዎች ስሌትና ስታይለስ የሚሉትን ቃላት ከዕቃው ጋር ተቀብለው ለምደዋቸዋል፤ ማንም ሊነጥቃቸው አይችልም። እዚህ የቀረቡት ስያሜዎችም በዕለት ንግግር ላይ ለመጫን የታሰቡ አይደሉም። ነገር ግን መመሪያ፣ የፈተና ደንብና የመማሪያ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው አንዱን መምረጡ አይቀርም። ሲመርጥ የሚያነበው ተማሪው መሆኑን የማይዘነጋ ቃል ይምረጥ። ፍርዱንም ከሁሉ አስቀድሞ በመሣሪያዎቹ የሚማሩት ይስጡ።