ካሜራ የቆረጠው ዝምታ፤ ስለ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር የቀረበ ሂስ

የጥያቄና መልስ ውድድር በትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በወላጆች በዓል ሁለት ቡድኖች መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ከወረቀት ያነባል፤ ያሸነፈው ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል። ይሁን እንጂ ዛሬ የዚህ ልማድ አርአያ ቴሌቪዥን ሆኗል። ተማሪው የሚጠይቅበት ቃና፣ የሚያጨበጭብበት አኳኋን፣ «ጊዜህ አልቋል!» ብሎ የሚጮህበት ድምፅ ሳይቀር ከዚያ የተቀዳ ነው። ስለሆነም ዝግጅቱን መመርመርና መተቸት የመምህራን ድርሻ ነው እንላለን። እኛም ከውጭም ከውስጥም ለማየት ዕድል ስለገጠመን የታዘብነውን እነሆ።

ከውጭ ያየነው በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ከተማ ነው። ወላጆቻችን እንደ ብዙዎች ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ሥራ ኑሯቸውን የመሠረቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው የታወቀው የሚሊዮን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2000 በዐረብኛ ተዘጋጅቶ፣ «መን ሰየርበሕ አልመልዮን» በሚል ስም በኤም ቢ ሲ ጣቢያ መታየት ሲጀምር እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በሰፈራችን አንዲት ቡና ሻጭ ቴሌቪዥኗን ወደ ግቢ ታወጣለች፤ ትልልቆቹ በገመድ አልጋ ላይ ይደረደራሉ፤ እኛ ልጆቹ መሬት ላይ እንቀመጣለን። ሊባኖሳዊው አቅራቢ ጆርጅ ቀርዳሒ ተወዳዳሪውን ትክ ብሎ አይቶ «ጀዋብ ኒሃኢ?»፣ ማለትም «የመጨረሻ መልስህ ነው?» ሲለው ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሸምገል ያሉት ሱዳናውያን በበኩላቸው በአገራቸው ቴሌቪዥን ሐምዲ በድረዲን ያቀርበው የነበረውን «ፉርሳን ፊልመይዳን» የተባለ ውድድር እያነሱ «የዱሮው ይበልጥ ነበር» ይሉ ነበር።

የዚያ የሚሊዮን ውድድር ጥንካሬ የት ላይ እንደነበረ ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው፣ በገንዘቡ ብዛት ላይ አልነበረም። በመጀመሪያው አሠራር ተወዳዳሪው በሰዓት አይቸኰልም ነበር። አሥራ አምስቱን ጥያቄዎች ከአራት አራት ምርጫ ጋር ሲቀርቡለት፣ «ይኸኛው አይመስለኝም፤ ምክንያቱም...» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስብ ነበር። ሰው ሲያስብ መስማት ትልቅ ትምህርት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ የቀን ሠራተኛ በዚያ ግቢ ተቀምጦ፣ በቴሌቪዥን ከሚታየው የተማረ ሰው ጋር ስለ አንድ ወንዝ ሲከራከር ያየነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከውስጥ ያየነው ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከምናሠለጥናቸው እጩ መምህራን መካከል የተወሰኑትን ይዘን በአንድ ጣቢያ የጥያቄና መልስ ውድድር ቀረጻ ላይ በተመልካችነት ተገኘን። ዓላማችን ጣቢያ መክሰስ ስላልሆነ ስሙን አንጠቅስም። ስልካችንንና ቦርሳችንን አስረክበን ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ ቆየን። ስንገባ በመጀመሪያ የገረመን የአዳራሹ ጥበት ነው፤ በቤት ሲታይ ሜዳ የሚያህለው መድረክ ከአንድ መማሪያ ክፍል እምብዛም አይበልጥም። ቀጥሎ አንድ ወጣት ሠራተኛ ፊታችን ቆሞ ማጨብጨብ አስተማረን። እጁን ከፍ ሲያደርግ እናጨበጭባለን፤ ዝቅ ሲያደርግ እናቆማለን። ውድድሩ ሳይጀመር፣ ተወዳዳሪም ሳይገባ፣ ሦስት ጊዜ እየሣቅንና እየተደነቅን አጨበጨብን፤ ካሜራውም ቀረጸን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። አንድ ተወዳዳሪ ከበድ ያለ ጥያቄ ቀረበለት። ዝም አለ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ አንድ መልስ ጀምሮ ተወው። አዳራሹ ውስጥ የመብራቶቹ እዝታ ብቻ ይሰማ ነበር። ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። እኛም ማንም እጁን ሳያነሣልን ከልባችን አጨበጨብን። ይሁን እንጂ ማይክሮፎኑ ድምፁን በደንብ አልያዘም ኖሮ «እንድገመው» ተባለ። ያው ጥያቄ እንደገና ተነበበለት፤ እርሱም ወዲያው መለሰ። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ሲቀርብ የታየው ሁለተኛው ነው። በቤቱ ተቀምጦ ያየ ሁሉ «መብረቅ ነው!» ሳይል አልቀረም። እኛም ራሳችንን፣ ባላጨበጨብንበት ቦታ እየሣቅን ስናጨበጭብ አየነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ የቆየ ታሪክ እናስታውስ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1958 ይታይ በነበረው «ትዌንቲ ዋን» በተባለው ውድድር አዘጋጆቹ ለተወዳዳሪዎች መልሱን አስቀድመው ይሰጡ ነበር። ከአሸናፊዎቹ አንዱ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቻርልስ ቫን ዶረን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1959 በምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይህንኑ አመነ፤ በተከታዩ ዓመትም እንዲህ ያለው ማጭበርበር በሕግ ተከለከለ። እኛ ያየነው ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መልሱ የሰውዬው የራሱ ነበር። ነገር ግን አንድ የሚያስገርም ልዩነት አለ። የ«ትዌንቲ ዋን» ተወዳዳሪዎች ላብ እንዲጠርጉ፣ እንዲያመነቱ፣ የሚያስቡ እንዲመስሉ ይሠለጥኑ ነበር። እነዚያ አጭበርባሪዎች እንኳ ተመልካች ማሰብን እንደሚያከብር ያውቁ ነበር ማለት ነው። የዛሬው አርትዖት ግን እውነተኛውን ማሰብ እንደ ትርፍ ነገር ቆርጦ ይጥለዋል።

«ታዲያ ይህ ከመማሪያ ክፍል ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ ብዙ ሕዝብ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል በዚያው አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት የአንድ እጩ መምህር ትምህርት ስንከታተል፣ ክፍሉ ውስጥ ከካርቱም የመጣች ኢትዮጵያዊት ልጅ ነበረች። የተማረችው በዐረብኛ ነው። እጩ መምህሩ «ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙት የት ነው?» ብሎ ወደ እርሷ ጠቆመ። ልጅቷ ቆመች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «አንድ! ሁለት! ጊዜሽ አልቋል!» አላት። ከኋላ አንድ ልጅ «ካርቱም!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ደብተሯን ስናይ በዐረብኛ «አልሙግረን» ብላ ጽፋለች፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ስም ነው። ከዚያ ክፍል ውስጥ ቦታውን በዓይኗ ያየች እርሷ ብቻ ነበረች። እጩ መምህሩን ስንጠይቀው «መምህር፣ ክፍሉ እንዲሞቅ ብዬ ነው» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያየውን ነው ያደረገው።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ጊዜ ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፤ በምክንያት የተደገፈ ይሆናል፤ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፤ «ደካማ» የተባሉትም መናገር ይጀምራሉ። ለዚህ ለውጥ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የመምህሩ ትዕግሥት ነው።

በመሆኑም ውድድሩ ይቅር አንልም፤ ይታረም እንላለን። በክበቦቻችን ጥያቄው ከተነበበ በኋላ ተወዳዳሪው መልሱን በወረቀት የሚጽፍበት ግማሽ ደቂቃ ይሰጠው። ዳኛው «እንዴት አወቅህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለምክንያቱም ነጥብ ይያዝለት። ተመልካቹ ለፈጠነው ብቻ ሳይሆን ተሳስቶ ራሱን ላረመውም ያጨብጭብ። የቴሌቪዥን አዘጋጆችም ቢያንስ በአንድ ዝግጅት አንዱን እውነተኛ ዝምታ ሳይቆርጡ ቢያሳዩን ተመልካች አይሸሻቸውም፤ የገዳሪፉ ግቢ እኮ ከሁሉ ይልቅ ጸጥ ብሎ ያይ የነበረው ያንን ነው። እኛ መምህራን ግን እነርሱን መጠበቅ የለብንም። ነገ ጠዋት ክፍል ገብተን፣ ጥያቄያችንን ጠይቀን፣ ስም ከመጥራታችን በፊት በልባችን ሦስት እንቁጠር። ከዚያ ለተጠራውም ልጅ ሦስት እንጨምርለት።