የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ምን ይከበራል?

በጦርነት መካከል ገብተው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ሲመሰገኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ አሟሟታቸው ነው። ይህ ጸሐፊ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሰውየው ካሜራውን ይዞ የት ቆሞ ነበር የሚለው ነው ይላል።

ጥያቄው ለሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ፎቶግራፍ አንሺ አልጠፋም። ፋሽስቶቹ ራሳቸው ከሬሳ አጠገብ እየቆሙ ለመታሰቢያ ይነሡ ነበር። ሥዕሉ በኋላ የወንጀላቸው ማስረጃ ስለ ሆነ ጠቅሞናል፤ ነገር ግን ድፍረት ልንለው አንችልም፤ አንሺውን የሚያሰጋው ነገር አልነበረምና።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲረሸኑ፥ ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በከተማዋ አቅራቢያ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮማ በላከው ቴሌግራም ቁጥራቸውን 129 ብሎ አስታወቀ። እኔ የእነዚያን ወጣቶች ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከገዳዩ እጅ የወጣ ቁጥር ብቻውን ሲቀር ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ተጠልለው በመርዝ ጋዝ ስላለቁትም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ የኬንያው ተወላጅ ሞሐመድ አሚን ሲታሰብ አክብሮቴ በምክንያት ነው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ቀርቦ ይቀርጽ ነበርና አንድ እጁን አጣ። እርሱ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። በፍንዳታው ዕለት አብሮት የነበረው ድምፅ ቀጂ ጆን ማታይ ግን እዚያው ቀርቷል። ስለ አሚን እጅ የሚጽፉት ብዙዎች፥ ስለ ማታይ ሕይወት የሚጽፉት ጥቂቶች መሆናቸው (ይቅርታ ይደረግልኝና) የጽሑፋችን ነውር ነው።

መክበሩ ግን ከትችት አያድነውም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም ያመጣው ፊልም ዓለምን ቀስቅሶ እህል አስልኳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ረኀቡን ያባባሰው ጦርነት በሥዕሉም በንባቡም እምብዛም አይታይም፤ ነገሩ ከሰማይ እንደ ወረደ መቅሠፍት ሆኖ ቀረበ። በዚያ ብርድ በማለዳ የተቀመጡት ሰዎችም ሲታዩ እንጂ ሲናገሩ አይሰሙም። አሚን ከፊታቸው ቆሞ ነበር፤ ስማቸውን የጠየቀላቸው ግን ማን ነው?