ሐምራዊው ኮሶ

መሳቢያዬ ውስጥ ሐምራዊ የኮሶ አበባ አለ። ሴቴ ኮሶ ቀላ ትላለች፣ ወንዴው ነጣ ብሎ ወደ ቡናማ ያደላል። ሐምራዊ ኮሶ ግን የትም ደጋ ወጥታችሁ አታገኙም። ሥዕሉ ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ካሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነው። ብሩስ ዛፉን በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ያ ስም ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቷልና በዓመቱ «ሃገንያ» ተባለ።

ሻጩ «ቀለሙ የዘመኑ ነው» አለኝ። በመስተዋት ውስጥ እንዳለ አየሁት፣ ወደድኩት፣ ከፈልኩ። እንጀራዬ አሮጌ የዕፅዋት ሥዕሎችን መጠገን ነው፤ ስለዚህ መታለሌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች ሲታተሙ ቀለም አልነበራቸውም፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

የዚያ ዘመን ባለቀለም የዕፅዋት ሥዕሎች ግን የሁለት እጅ ሥራ ናቸው። አንዱ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በብረት ስለት መስመሩን ይቆርጣል። የማተሚያው ቀለም በተቆረጠው ቦይ ይሞላል፣ የሰሌዳው ገጽ ይጠረጋል፣ የራሰ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያ ይጨመቃል። ጣታችሁን በሥዕሉ ዙሪያ ብታስኬዱ የሰሌዳው ጠርዝ የተወው ስርጉድ ይሰማችኋል። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ቀለም ቀቢዎች ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ስማቸው የትም አልተጻፈም። ዊሊያም ከርቲስ በ1787 ለንደን ላይ የጀመረው የዕፅዋት መጽሔት እስከ 1948 ድረስ ሥዕሎቹን በእጅ ሲያስቀባ ኖሯል።

ሁለቱንም ሥራ ብቻዋን የያዘች አንዲት ሴት ነበረች። የኤልሳቤጥ ብላክዌል ባል በዕዳ ታስሮ ነበር። እሷ ለንደን፣ ቼልሲ ከሚገኘው የመድኃኒት ዕፅዋት አትክልት ቦታ አጠገብ ቤት ተከራየች። ተክሉን ከነሕይወቱ እያየች ሣለች፣ መዳቡን ራሷ ቆረጠች፣ ራሷ ቀባች። ከ1737 እስከ 1739 በየሳምንቱ አራት አራት እያወጣች 500 ሥዕል አደረሰች፤ ባሏንም አስፈታች። የእሷን ቅጠሎች ባየሁ ቁጥር የሚያስቀናኝ ቀለሟ ሳይሆን ቁጥብነቷ ነው።

ይህን ለመረዳት እኔ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ጀማሪ ሳለሁ ቅጠሉን በብሩሽ ጥላ ላለብሰው እታገል ነበር። ጥላው እኮ መዳቡ ላይ ተቆርጦ አልቋል፤ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ይጨልማል፣ ሲራራቁ ይበራል። የቀቢው ድርሻ ውሃ የበዛበትን ቀለም አንዴ አልፎ መተው ነው። ቀለሙን የሚያያይዘው በእኛም ቆላ የሚለቀመው የግራር ሙጫ ነው። ትንሽ ሲበዛ ያብለጨልጫል፣ ሲያንስ ቀለሙ እንደ ዱቄት ይራገፋል።

ኮሶዬን ከመስተዋቱ ያወጣሁት ቤቴ ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ገለበጥኩት። ከመዳብ የሚሠራው የድሮ አረንጓዴ ወረቀት ይበላል፤ ቅጠሉ በጀርባ በኩል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የእኔው ጀርባ ንጹሕ ነበር። በዚህ ብቻ አልፈረድኩም፤ የዚያ ዘመን አረንጓዴ ሁሉ ከመዳብ አልተሠራምና። ወደ ፊቱ መልሼ በማጉያ አየሁት። ድሮ ወረቀቱ ጄላቲን ስለሚጠጣ ቀለም ሲቀባ ጠርዙ ጥርት ይላል። ጄላቲኑ ባረጀ ወረቀት ላይ ግን ቀለም እንደ ቡና ጠብታ ይሰርጋል። የሐምራዊው አበባ ጠርዝ ፀጉር አብቅሎ ነበር። ይባስ ብሎ እርጥበት በጊዜ ብዛት የጣለው ቡናማ ነጠብጣብ ከቀለሙ በታች ተኝቷል። ነጠብጣቡ ቀድሞ መጥቶ፣ ብሩሹ በላዩ ሄዷል ማለት ነው። ቀቢው ኮሶ አይቶ አያውቅም፤ የተንጠለጠለ ዘለላ ሲያይ የአውሮፓ በረንዳ ላይ የሚሰቀለው ሐምራዊ ሐረግ ትዝ ብሎት መሆን አለበት።

ቀለሙን ማጠብ ይቻላል የሚሉ አሉ። አልሞከርኩም፣ አልሞክርምም። የራሰው ሐምራዊ ወደ ነጩ ወረቀት ቢሰርግ ብሩስ ያሳተመው መስመር አብሮ ይበላሻል።

እንዲህ ያለ ሥዕል ልትገዙ ከሄዳችሁ ሻጩን ከመስተዋቱ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። ጀርባውን እዩ፣ የአበባውን ጠርዝ በማጉያ እዩ። አላወጣም ካላችሁ አትግዙ።