ጀልባን አስሮ ወንዝን ማየት

በፈጣን ወንዝ ላይ የሚቀዝፉ ሰዎች ካሏቸው ልማዶች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ከጀልባዋ መውረዳቸው ነው። ከፊታቸው የውሃ ጩኸት ሲሰማ ወደ ረጋው ዳር ተጠግተው ጀልባዋን ያስራሉ፤ ከዚያ በእግራቸው ቁልቁል እየሄዱ ያጠናሉ። ቋጥኙ የት ነው? ውሃው ወደ ኋላ የሚጠቀለለው የት ላይ ነው? ሰው ቢወድቅ የመወርወሪያውን ገመድ ይዞ ከታች የሚቆመው ማን ነው?

አሜሪካዊው ቀዛፊ ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በ1973 እ.ኤ.አ. የኦሞን ወንዝ በጎማ ጀልባ ወረዱ። የወንዝ ጉዞ ድርጅታቸውን «ሶቤክ» ያሉት በጥንታዊት ግብፅ የአዞ አምላክ ስም ነው። ኦሞ ላይ ደግሞ አዞ ብቻ ሳይሆን ጉማሬም አለ፤ የሚጠናው ውሃው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደን ለደን በሚፈስ ወንዝ ከቋጥኝ ይልቅ የወደቀ ዛፍ ይከፋል። ውሃው በወንፊት እንደሚያልፍ ሁሉ በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፤ ሰው ግን አያልፍም፤ ግፊቱ እዚያው ለጥፎ ይይዘዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬትና የራስ ቁር ግድ ናቸው፤ ነገር ግን ከእንዲህ ያለው ወጥመድ አያወጡም። በአንድ ሌሊት ዝናብ አዲስ ግንድ ስለሚጋደም የትናንት እውቀትም አይበቃም።

አይተው ካልወደዱት ጀልባዋን ተሸክመው በየብስ ያልፋሉ። ይህን እንደ ፍርሃት የሚቆጥር አይጠፋም። ለእኔ ግን የቀዛፊ ብስለት የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ወንዙ ደፍርሶ፣ እየሞላና ግንድ እያንከባለለ ከመጣ ደግሞ ማጥናትም አያስፈልግም፤ እስኪጎድል ድረስ ከዳር ቆዩ።